እጇን የምትጠባው ወተት አንሷት ነው?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ ሴት ናት፣ ዛሬ 9 ሳምንት ሆናት። አንድ ወር እስኪሞላት ድረስ ሥራዋ ጠብቶ መተኛት ነበር። አሁን ግን ቀኑን ሙሉ እጇን ትጠባለች። ጡጫዋን እንዳለ አፏ ውስጥ ለመክተት ትታገላለች፤ አልገባ ሲላት ትነጫነጫለች። ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ለይቶላት ታለቅሳለች፣ አንዳንዴ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት። ጡት እሰጣታለሁ፣ ትንሽ ትጠባና ትለቀዋለች፣ ታለቅሳለች፣ መልሳ እጇን ትጠባለች። አማቴ ርቧት ነው፣ ወተትሽ አልበቃትም ይላሉ። ጎረቤቶቼ በዚህ ሙቀት ውሃ ጠምቷት ነው ይላሉ። አንዷ ግግ ነው፣ የሚያወጡላት ሴትዮ አውቃለሁ አለችኝ። ባለቤቴም ባለፈው ቅዳሜ የቆርቆሮ ወተት ገዝቶ መጣ። አልከፈትኩትም፣ ግን ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አየዋለሁ። ጡቴ ድሮ ድንጋይ ይሆን ነበር፤ አሁን ለስልሷል፣ ደርቆ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ስትወለድ 3 ኪሎ ከ100 ነበረች፣ በ6 ሳምንት ክትባቷ 4 ኪሎ ከ200። በቀን 7 ወይም 8 ጊዜ በሽንት ርሳ እቀይራታለሁ። ቡናም እንግዳም ከቤታችን አይጠፋም፣ ማረፊያ የለኝም። ማታ ማታ ከእሷ ጋር አብሬ እያለቀስኩ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ።

ደብዳቤሽን እንደጨረስኩ ወረቀት አወጣሁና ሒሳብ ሠራሁ። ልጅሽ በ42 ቀን 1 ኪሎ ከ100 ግራም ጨምራለች። ለቀኑ ሲካፈል 26 ግራም ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሕፃን በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ከጨመረ ደህና እየጠባ ነው። ያውም ሁሉም ሕፃን ማለት ይቻላል በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀንሳል፣ የተወለደበትን ኪሎ የሚመልሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ልጅሽ ያንን ጉድለት ሞልታ ነው እዚህ የደረሰችው። ሌላ ነገር እንዳልቀመሰች ከደብዳቤሽ ይገባኛል። ታዲያ ያ ሁሉ ሥጋ ከየት መጣ? ከአንቺ ጡት ነው።

ሽንቷም ሌላ ምስክር ነው። በዚህ ዕድሜ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ በደንብ ካረጠበች፣ በቂ እየገባላት ነው። አንቺ 7 እና 8 ነው ያልሽኝ።

ጡትሽ ስለ መለስለሱም ልንገርሽ፤ ብዙ እናቶች ወተት የሚያቋርጡት እዚህ ላይ በሚመጣ ፍርሃት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡት ልጅቷ ስንት እንደምትፈልግ ገና አያውቅም። ስለዚህ አብዝቶ ያመርታል፣ ይወጠራል፣ ይፈስሳል። 6 ሳምንት አካባቢ ልኩን ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሚያመርተው እሷ በምትጠባው ልክ ነው። የለሰለሰ ጡት የደረቀ ጡት አይደለም። ከልጅሽ ጋር የተግባባ ጡት ነው።

ይህን አጥብቄ የምነግርሽ እኔም የመጀመሪያ ልጄ ላይ ስለተሳሳትኩ ነው። ሁለት ወር ሲሆነው ማታ ማታ እንዲሁ ያለቅስብኝ ነበር፣ እጁን እንዲሁ ይበላ ነበር። ወተትሽ ውሃ ነው አሉኝ፣ አመንኩ። በማታ አንድ ጡጦ ጀመርኩለት። ያንን ጡጦ ጠጥቶ ረጅም ሰዓት ሲተኛ ጡቴ ሳይጠባ ያድራል። ጡት ደግሞ የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው። አንዱ ጡጦ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አራት። ልጄ አራት ወር ሳይሞላው ጡቴ እውነትም ደረቀ። ወተት አልነበረኝም ብዬ ለዓመታት አወራሁ። ነበረኝ።

እንግዲህ ወደ እጇ እንምጣ።

ልጅሽ እጇን መጥባት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ሆድሽ ውስጥ እያለችም ትጠባ ነበር። በአልትራሳውንድ ጣታቸውን ሲጠቡ የሚታዩ ፅንሶች ብዙ ናቸው። እንዲያውም አንዳንድ ሕፃን እጁ ወይም አንጓው ላይ ውሃ የቋጠረች እብጠት ይዞ ይወለዳል፤ ማህፀን ውስጥ ሲጠባው ከርሞ ነው። ወላጅ ይደነግጣል፣ በቀናት ውስጥ ግን ትጠፋለች።

ሁለት ወር ሲሞላት ደግሞ አዲስ ነገር ይመጣል። እስከ አሁን እጇ የራሷ መሆኑን አታውቅም ነበር። እንዲሁ በድንገት ይወራጭና ፊቷን ይመታት ነበር። አሁን ታየዋለች። ልብ ብለሽ ከሆነ እጇን ፊቷ ላይ አቅንታ ትኩር ብላ የምታይበት ጊዜ አለ። ከዚያ ወደ አፏ ትወስደዋለች፤ በዚህ ዕድሜ ነገርን የምታውቀው በአፏ ነውና። አልገባ ሲላት መናደዷ፣ ያሰበችው ሳይሆንላት ሲቀር ነው። ረሃብ ላይሆን ይችላል። ትልቅ ሥራ ላይ ናት።

ሦስተኛው ነገር ማጽናናት ነው። መጥባት ለሕፃን ምግብ ብቻ አይደለም። ሲደክማት ትጠባለች፣ ሲጮኽባት ትጠባለች፣ እንቅልፍ ሲመጣባት ትጠባለች። ሐኪም ቤት ለምርመራ ተረከዛቸው ሲወጋ እንኳ እየጠቡ ያሉ ሕፃናት ሕመሙ ይቀልላቸዋል። እጇ ሁልጊዜ አብሯት ያለ ማጽናኛዋ ነው። ስለዚህ ይለምድባታል ብለሽ ከአፏ አታውጪው። ጓንት አልብሰሻት ከሆነም አውልቂላት። ጥፍሯን ከርከም አድርጊላትና እጇን ነፃ ተይላት።

እውነት ነው፣ እጅ መጥባት የረሃብ ምልክትም ነው። አማትሽ የተናገሩት ከልምድ ነው፣ ከሜዳ አላመጡትም። ችግሩ እጁን ብቻ ነጥለን ስናይ ነው። ከእጁ ጋር ምን አብሮ እንደሚመጣ እይ።

የራባት ልጅ ሰውነቷ ሁሉ ይፈልጋል። ጭንቅላቷን ወደ ጎን እያዞረች፣ አፏን እየከፈተች ጡት ትፈልጋለች። ጉንጯን ብትነኪያት ወደ ነካሻት በኩል ትዞራለች። ከንፈሯን ትልሳለች። ጡጫዋ ጭብጥ ያለ ነው፣ ክንዷ እጥፍጥፍ ብሎ ደረቷ ላይ ነው። ከጠባችም አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት አልፏታል። ያኔ ሳትዘገዪ አጥቢያት። ለቅሶ የመጨረሻው የረሃብ ምልክት ነው። ለቅሶ ውስጥ ከገባች በኋላ ጡቱን በደንብ መያዝ ስለሚያቅታት፣ ደረትሽ ላይ አስጠግተሽ መጀመሪያ አባብያት።

የጠገበችው ደግሞ ትፈታለች። ጡቱን ራሷ ትለቃለች፣ መዳፏ ይከፈታል፣ ክንዷ ይረግባል። የሕፃን መዳፍ ሲከፈት ማየት እንዴት ደስ ይላል! በዚህ ሁኔታ ላይ ሆና ትንሽ ቆይታ እጇን ብትጠባ እየተጫወተች ነው፣ ተያት።

የደከማት ልጅ ምልክቷ ሌላ ነው። ዓይኗ ይፈዝዛል፣ ሰው ሲያናግራት ፊቷን ታዞራለች፣ ታዛጋለች፣ ጆሮዋን ወይም ዓይኗን ታሻለች። በ9 ሳምንቷ በአንድ ጊዜ ነቅታ መቆየት የምትችለው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ መጥባቱም ዳይፐር መቀየሩም በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ልጅቷ ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል በእንግዳ እጅ ስትዞር ከዋለች፣ የምታለቅሰው እንቅልፍ አልፏት ነው። እንቅልፍ ያለፋት ሕፃን ደግሞ ጡት ሲሰጣት ትንሽ ትጠባና ትለቃለች፣ እጇን ትጠባለች፣ ታለቅሳለች። ልክ አንቺ እንደጻፍሽልኝ።

ለሦስት ቀን ብቻ ስልክሽ ላይ መዝግቢልኝ። የነቃችበትን ሰዓት፣ የጠባችበትን ሰዓት፣ እጇን አጥብቃ መጥባት የጀመረችበትን ሰዓት። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ራሱ ይታይሻል።

ስለ ማታው ለቅሶ ግን ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ፣ አንቺን የሰበረሽ እሱ ነውና።

ጤነኛ ሕፃናት ከተወለዱ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ ለቅሷቸው እየጨመረ ይሄዳል። 6 ሳምንት አካባቢ ጣሪያ ይነካል። ከዚያ ቀስ በቀስ እየቀነሰ 3 ወይም 4 ወር ላይ ይረግባል። የበዛው ለቅሶም ከቀትር በኋላና ምሽት ላይ ነው። ብራዘልተን የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 80 እናቶች የልጆቻቸውን ለቅሶ በየቀኑ እንዲመዘግቡ አድርጎ ነበር። ምንም ሕመም የሌለባቸው ልጆች በ6 ሳምንታቸው በቀን 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ሲያለቅሱ ተገኙ። ልብ በይ፣ ጤነኛ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ልጅሽ ያን ያህል ማልቀሷ ብቻውን አንቺ ጥፋት እንደሠራሽ አያሳይም።

ብዙ ሕፃናት ምሽት ላይ ቶሎ ቶሎ መጥባትም ይፈልጋሉ። በየግማሽ ሰዓቱ፣ በየሃያ ደቂቃው። ምሽት ላይ የወተቱ አፈሳሰስ ዘገም ስለሚል እየተቆራረጠ ነው የሚጠጡት። ሌሊቱን ለመተኛት ስንቅ እየያዙ ይመስላሉ። ይህ ጡት ያለቀበት ምልክት አይደለም፤ ባጠባሻት ቁጥር ለነገው የበለጠ ወተት ታዝዣለሽ። ምሽቱን አንድ ቦታ ተደላድለሽ ተቀመጪ፣ ውሃ አጠገብሽ ይሁን፣ ትጥባ። በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቷ የተለመደ ነው፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም ያልፋል።

ጡት ጠብታ ከለቀቀች በኋላ ሰውነቷን ወጥራ፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ ካለቀሰች አየር ይዛ ሊሆን ይችላል። ትከሻሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢያትና ጀርባዋን እያሻሸሽ አስገሺያት። ትንሽ ብታቀረሽም ኪሎ እየጨመረች እስከሆነ ድረስ አትጨነቂ።

ካልጠባችና ካልተኛችስ? መብራቱን ቀንሺ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ከሰው ወደ ሰው መዞሯ ይቁም። አንድ ሰው ብቻ ደረቱ ላይ ይያዛትና ቀስ ብሎ ይራመድ። እሹሩሩ በይላት፣ ድምፅሽ ባያምር አይገዳትም፤ ሆድሽ ውስጥ ሆና ስትሰማው የኖረችው ድምፅ ነው። በጀርባ ማዘሉን ግን አንገቷ እስኪጠና ቆዪበት፣ ለአሁኑ ደረት ይሻላል። እንቅልፍ ሲወስዳት በጀርባዋ አንጋለሽ አስተኚያት።

እዚህ ላይ ባለቤትሽ ይግባ። ቆርቆሮውን ገዝቶ በመምጣቱ አትቆጪው፣ ለቅሶዋን ሰምቶ ዝም ማለት ስላልቻለ ነው የገዛው። ግን ከወተቱ የበለጠ የምትፈልጉት ክንዱን ነው። ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ልጅቷን ይያዝ፣ አንቺ ገላሽን ታጠቢ፣ ጋደም በይ። ቆርቆሮው ግን እንደታሸገ ይቆይ። ሐኪም አይቶ ያስፈልጋታል ካለ ያኔ ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ እናት እውነትም የሚያስፈልጋት ጊዜ አለ፣ ነውርም የለበትም። አንቺ ግን አሁን በጻፍሽልኝ ኪሎና ሽንት የሚያስከፍት ምክንያት አላየሁበትም።

ሙቀቱን በተመለከተ ጎረቤቶችሽ ግማሹን አግኝተውታል። አዳማ በግንቦት ምን እንደሚመስል እኔ አልነግርሽም። ትልቅ ሰው እንኳ ጥላ ለጥላ ይሄዳል። ግን እኛ አገር ሕፃን ብርድ ይመታዋል ተብሎ በግንቦትም ካፖርት፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ከላይ ደግሞ ብርድ ልብስ ይደረብበታል። መስኮቱም ይዘጋል። ልጅቷ ትነፍራለች። መናገር ስለማትችል ትነጫነጫለች። ሙቀቷን በእጇና በእግሯ አትለኪ፣ የሕፃን እጅና እግር ብዙ ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ማጅራቷን ንኪ። ላብ ካለው ወይም ከጋለ ልብስ በዝቶባታል። ቀን ላይ አንድ ስስ የጥጥ ልብስ ይበቃታል። ኮፍያውን ቤት ውስጥ አውልቂው። ቬንትሌተር ካላችሁ ወደ ግድግዳ ይዙር፣ በቀጥታ እሷ ላይ አይንፈስ። አጥብቆ መጠቅለሉም ይቅር፤ እጇ ታስሮ መጽናኛዋን ከማጣቷም በላይ እግሯ እንደልቧ መታጠፍ አለበት፣ ለዳሌዋ።

ውሃ ግን አትስጫት። የጡት ወተት 88 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ሲሞቃት ቶሎ ቶሎ ታጠቢያታለሽ፣ ያ ይበቃታል። ውሃው ትንሿን ሆዷን ይሞላና ጡት ያስተዋታል፣ ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ ይዞ ይመጣል፣ ከበዛ ደግሞ በደሟ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል። ስኳር በውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ ቅቤ ማላስ፣ ለቁርጠት የሚሸጡ ጠብታዎች፣ ሁሉም ስድስት ወር እስኪሞላት ይቆዩ። ማር ደግሞ አንድ ዓመት እስኪሞላት በፍጹም። ውሃውን የምትጠጪው አንቺ ነሽ።

ስለ ቡና ያነሳሽው ነገር ትኩረቴን ስቦታል። አራስ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፣ አንቺም እያንዳንዱ ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ትጠጫለሽ። በቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ ስድስት ሲኒ መሆኑ ነው። ቡናው ውስጥ ያለው የሚያነቃቃ ነገር በጥቂቱ ወደ ወተት ያልፋል። ትልቅ ሰው በሰዓታት ውስጥ ያስወግደዋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ቀናት ይፈጅበታል፣ ወራት እየጨመረ ሲሄድ ነው የሚፈጥነው። በልጅሽ ዕድሜ ገና ቀርፋፋ ናት፣ ስለዚህ ይጠራቀምባታል። ቡና ተዪ አልልሽም። አቦሉን ጠጪ፣ ቶናውና በረካው ለእንግዶችሽ ይሁን፤ በቀን ከሁለት ሲኒ አትለፊ። ለውጥ ካለው ለማየት አንድ ሳምንት ያህል ስጪው።

እንግዳውን ካነሳን አይቀር፣ እኛ ሕፃን ስናይ የምንስመው እጁን ነው። የልጅሽ እጅ ደግሞ ከተሳመ በኋላ በቀጥታ ወደ አፏ ይገባል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሳማት ማለት አጎረሳት ማለት ነው። የሚያቅፋት ሁሉ እጁን ይታጠብ፣ መሳም የፈለገ እግሯን ይሳም። ይህን መናገር ከከበደሽ አማትሽ ይናገሩልሽ፤ ከእሳቸው ሲወጣ ማንም አይቀየምም።

አሁን ወደ ግግ ልምጣ። እዚህ ላይ ቃሌን አላለሳልስም።

በ9 ሳምንት ጥርስ አይደለም። የመጀመሪያው ጥርስ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው 6 ወር አካባቢ ነው፤ አንዳንዱ በ4 ወር፣ አንዳንዱ ዓመት ሞልቶት። ለሃጯ በዝቶ ከሆነም በሁለትና በሦስት ወር ምራቅ ስለሚጨምር ነው፣ ገና መዋጡን አልለመደችም። ግግ ተብሎ ከድዱ ውስጥ ተፈልፍሎ የሚወጣው ነጭ ነገር ትል አይደለም። ገና ያልበቀለ የወተት ጥርሷ ነው። በቢላ ወይም በመርፌ ሲወጣ ትደማለች፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥሩ ያለው የቋሚ ጥርሷ እንቡጥም ይበላሻል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ሕፃናት አሉ። እንጥል ማስቆረጥም እንደዚያው ነው። ጎረቤትሽ ክፉ አስባ አይደለም፣ ለእሷም ለልጆቿም የተደረገ ነገር ይሆናል። ግን ልጅሽን ይዘሽ ወደዚያች ሴትዮ ቤት አትሂጂ። አማትሽ ቢሉሽም፣ ባለቤትሽ ቢልሽም አትሂጂ።

መሄድ ያለብሽ ቦታ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው፣ መቼ እንደሆነ ደግሞ ልንገርሽ። ቴርሞሜትር ግዢ። ሙቀቷ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሦስት ወር ስላልሞላት እስኪነጋ አትጠብቂ። ከ35.5 በታች ከወረደም እንደዚያው። ጡት እምቢ ካለች ወይም ለመጥባት አቅም ካጣች፣ የጠባችውን ሁሉ ካስታወከች፣ ትውከቷ አረንጓዴ ከሆነ፣ ሰገራዋ ደም ካለበት፣ ካንቀጠቀጣት፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረች፣ እርግብግቢቷ ካበጠ ባጃጅ ጥሪና ውጪ። ተረጋግታ ሳለች ትንፋሿን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፤ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ስትተነፍስ የደረቷ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ አሁንም ውጪ። ለቅሶዋ ከለመድሽው የተለየ፣ ቀጭንና የማያባራ ከሆነም አትናቂው። ድንገት በማይቆም ለቅሶ ስትጮኽ ልብሷን ሙሉ በሙሉ አውልቀሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ እይ። ከወለድን በኋላ ፀጉራችን ይረግፋል፤ አንዲት ዘለላ ካልሲ ወይም ጓንት ውስጥ ገብታ የሕፃን ጣት ላይ ትጠመጠማለች። በዓይን በቀላሉ አትታይም፣ ጣቱን ግን ታሳብጠዋለች።

አንቺስ?

ማታ ማታ አብሬያት እያለቀስኩ ነው ያልሽውን ሳላነሳ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። በወለድን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆድ መባባት ብዙዎቻችንን ይይዛል፣ ያልፋል። አንቺ ግን 9ኛ ሳምንት ላይ ነሽ። ለቅሶው ማታ ብቻ ሲደክምሽ የሚመጣ ከሆነ እንቅልፍና እገዛ ያስታግሰዋል። ቀንም የሚከተልሽ ከሆነ፣ ልጅቷ ተኝታ እንኳ አንቺ መተኛት ካልቻልሽ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተሽ፣ ራስሽን ወይም እሷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ይህ ሕመም ነው። ሕክምናም አለው። የእምነት ማነስ ወይም የእናትነት ጉድለት አይደለም። ለባለቤትሽ ዛሬውኑ ንገሪው፣ ጤና ጣቢያም ስትሄጂ ስለ እሷ ብቻ አትናገሪ። ያ የመጨረሻው ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ብቻሽንም አትሁኚ።

ለቅሶዋ ከአቅምሽ በላይ የሆነበት ሰዓት ደግሞ ልጅቷን በጀርባዋ አልጋዋ ላይ አስተኚያትና በሩን ገርበብ አድርገሽ ውጪ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ፊትሽን ታጠቢ። አልጋዋ ላይ ሆና አሥር ደቂቃ ብታለቅስ ምንም አትሆንም። በንዴት አንድ ጊዜ መነቅነቅ ግን የሕፃን አንጎል ያደማል። ይህን ለሚይዛት ሰው ሁሉ ንገሪ።

የ10 ሳምንት ክትባቷ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ሂዱ። ከመርፌው በፊት ልብሷን አውልቀሽ አስመዝኚያት፣ ካርዷ ላይም ይጻፍ። ያኔ በ6 ሳምንቷ ከተመዘነች አራት ሳምንት ሙሉ ይሆናል፤ በቀን 20 ግራም እንኳ ብትጨምር 4 ኪሎ ከ760 አካባቢ መድረስ አለባት። ከዚያ በጣም ካነሰች ጡት አያያዟን ነርሷ አይታ ታስተካክልሽ፣ ሐኪምም ይያት። ከክትባቱ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ብትነጫነጭና እጇን አብዝታ ብትጠባ አይግረምሽ፣ ቶሎ ቶሎ አጥቢያት። አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ቆርቆሮው ላይ ከመከራከር አብራችሁ ሚዛኑን ብታዩ ይሻላል። ስንት እንደመዘነች ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።